አየር ያልነካው ድንጋይ

መዶሻው የእናቷ ነው። ድንጋይ ስትለቅም የምትውል ሴት መዶሻዋን ለማንም አታውስም፤ ልጅ ግን ሳይጠይቅ ይወስዳል። ልጅቷ ከቤቱ ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ተንበርክካ፣ በግራ እጇ የአባቷን ድንጋይ ይዛለች። ቢያዩት የዶሮ እንቁላል ነው የሚያህለው፤ ሲይዙት ግን ክብደቱ ክንድ ይጎትታል። ዙሪያውን በሻማ ሰም ተሸፍኗል። ሰሙም አርጅቶ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኗል።

በጥፍሯ ፈቀፈቀችው። ከሰሙ ሥር ያለው ጥቁር ነው። በሌላ በኩል ፈቀፈቀች። እሱም ጥቁር።

«አረንጓዴ ነው ብሎኝ ነበር እኮ» አለች ለራሷ።

በዚያ ሰፈር ጥቁር ድንጋይ ብርቅ አይደለም። ማንጋኒዝ የሚወጣበት አገር ተራራው ጥቁር ነው፣ መንገዱ ጥቁር ነው፣ የታጠበ አንሶላ ሳይደርቅ ይጠቁራል። ተራው ማዕድን ለስላሳ ነው፤ በጣት ሲነኩት እንደ ጥላሸት ይለቃል። አባቷ ግን ይሄኛው ሌላ ነው ይላል። ከታችኛው ዋሻ የወጣ፣ ሲሰበር እንደ ጠርሙስ ስባሪ አረንጓዴ የሆነ፣ አየር ሲነካው ግን ቀስ እያለ የሚጠቁር።

አየር ሲነካው የሚጠቁር። ያልጣመቻት ይቺ ነገር ናት። ውሸታም ሁሉ ማምለጫ በር ሳያበጅ አይዋሽም፦ ነበር፣ አሁን ግን የለም።

አባቷን እንዲህ ማሰቧ አሳፈራት። አሰበችው ግን። ቅጽል ስሟንም ያወጣላት እሱ ነው። ገና በእግሯ መሄድ ስትጀምር «እሳት ያቃጥላል» ሲላት «ካላየሁ» ብላ ጣቷን ከሰደደች ወዲህ ቤቱም ሰፈሩም የሚጠራት «ካላየሁ» እያለ ነው። ጠባሳው አሁንም አለ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። እሷ ሳትወለድ አባቷ ከስድስት ሰዎች ጋር ታችኛው ዋሻ ውስጥ ይቆፍር ነበር። ዋሻው የአየር ማራገቢያ አልነበረውም። ማራገቢያ የሌለው ዋሻ እንዲሠራበት አይፈቀድም፤ ስለዚህ በመዝገብ ላይ ዋሻው የለም። ሰባቱም ሰዎች «የግቢ አናጢ» ተብለው ተጻፉ። ወረቀት ሆደ ሰፊ ነው፤ ያጎረሱትን ይውጣል። እነሱ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥቁር አቧራ ዋጡ። አየሩ ማለቁን የሚያውቁት ሻማ አብርተው ነበር፤ ነበልባሉ ሲደክም ይወጣሉ።

አንድ ቀን አባቷ አለቱን ሲመታ አረንጓዴ አገኘ። ለአለቃው ላሳይ አለ። አለቃው መንገድ ሄዶ ነበር፤ በሳምንቱ ተመልሶ ሲያይ ጥቁር ድንጋይ ጠበቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቷ ስም በግቢው «አረንጓዴው» ሆነ። ሁለተኛ ሲያገኝ ትንፍሽ አላለም። ከአለቱ ፈልቅቆ፣ የአየር መፈተሻውን ሻማ እዚያው አንጠባጥቦበት፣ ኪሱ ከትቶት ወጣ።

አሁን አባቷ ፊቱ አይንቀሳቀስም። ግቢውን በሳቅ የሚያፈርስ ሰው ነበር አሉ፤ ዛሬ ፊቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ነው። ድምፁ አይወጣም አይወርድም። ሲራመድ በእግሩ ጣቶች ጫፍ እንደ አውራ ዶሮ ነው፤ ትንሽ ወደ ኋላ ከተገፋ እንደ ግንድ ይወድቃል። አንዳንዴ ሳይፈልግ ሳቅ ይመጣበታል። ሲስቅ እንባው ይወርዳል፤ ማቆም አይችልም። የክሊኒኩ ሐኪም አቧራው ነርቩን በልቶታል አለ። መዳን አይድንም፤ ትልቁ ሆስፒታል ከገባ ግን የሰውነቱ መገተር ይቀልለት ይሆናል። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚላከው ደግሞ የዋሻ ሠራተኛ ብቻ ነው። አናጢ አይላክም።

ማን የዋሻ ሠራተኛ እንደነበር የሚወስነው የማዕድኑ ኮሚቴ የሚቀመጠው ሰኞ ነው። እናቷ ከሥራ ከቀረች ቦታዋ በማግስቱ ሰው ይገባበታል፤ ማንበብም አትችልም። የምትሄደው ልጅቷ ናት። አባቷ ድንጋዩን ከትራሱ ሥር አውጥቶ ሲሰጣት «ፊታቸው ስበሪው። ከዚያ በፊት አይሆንም» ብሏታል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጥቁር ድንጋይ ይዛ ሦስት ወንዶች ፊት ቆማ «አረንጓዴ ነው» ብትል፣ ተሰብሮም ጥቁር ቢሆን? የእብዱ ልጅ ሊሏት ነው። ሰው ሲፈራ ብልህ የሆነ ይመስለዋል። መዶሻውን አነሳች።

ተራው ድንጋይ ሲመታ «ዱሽ» ብሎ ይፈርሳል። ይሄኛው እንደ ቃጭል ጮኸ። መጀመሪያ አልተሰበረም። ደግማ መታችው።

ለሁለት ተከፈለ። መሀሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል አረንጓዴ ነበር። ቅጠል አይመስልም፣ ቀለም አይመስልም። ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ውስጥ የሚዘልቅ፣ ታች መብራት ያለበት የሚመስል አረንጓዴ።

አባቷ አልዋሸም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ የምር ያፈረችው ግን አሁን ነው።

ዓርብ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ለጎፈሬ አሳየቻት። ጎፈሬ ጓደኛዋ ናት፤ ጸጉሯ ከበር ቀድሞ ይገባል። እናቷ የማዕድኑን ቢሮ የምታጸዳ ስለሆነች ጎፈሬ የማታውቀው የቢሮ ወሬ የለም።

«ይሄ ነው?» አለች ጎፈሬ መሃረቡን ገልጣ። «አቦ፣ ይሄማ ዝጓል።»

አረንጓዴው ቡናማ ሆኖ ነበር።

«ትናንት አረንጓዴ ነበር።»

«ነበር የሚባል ነገር ለኮሚቴ አይቀርብም። ቀለም ቀቢው።»

«ቀሽም ነገር አታውሪ።»

«ምን አለበት? አባቴ አልዋሸም ትዪ የለ? እውነቱን ነው የምትቀቢው።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ካላየሁ ሳቋን አቋረጠች። ቅዳሜ ጠዋት ድንጋዩ ጭራሽ ጠቆረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፤ ተረቱን ሌላ ሰው ላይ ሲተርቱት ይጣፍጣል።

«የድንጋይ ሐኪሟ ዘንድ እንሂድ» አለች ጎፈሬ። «ቅዳሜ ብቻዋን ነው የምትሠራው። እማዬ ታስገባናለች።»

የድንጋይ ሐኪም የሚሏት የማዕድኑን ጂኦሎጂስት ነው። ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ናት። ክፍሏ በመሳቢያ የተሞላ ነው፤ በየመሳቢያው ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ። ካላየሁ ድንጋዩን ስታቀርብላት እንደ ተራ ነገር ተቀበለችው። ከዚያ ክብደቱን በእጇ መዘነች፤ ከወንበሯም ተነሳች።

ከጠረጴዛው ላይ የተሰበረ ሸክላ ወስዳ ገለበጠችው። ተራ ማዕድን አንስታ ጀርባው ላይ አሰመረች፤ መስመሩ ጥቁር ሆነ። የካላየሁን ድንጋይ አሰመረች። መስመሩ ቡናማ ነው። በሹል ብረት ልትጭረው ሞከረች፤ እንደ ተራው አልተጫረም። በመጨረሻ ከጠርዙ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ፈልቅቃ በማጉያ አየች። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

«ማንጋኖሳይት ይባላል» አለች። «እንደ ሌሎቹ ማንጋኒዝና አየር ነው፤ ግን አየሩ ጥቂት ነው። አየር ተርቦ የተሠራ ድንጋይ በዪው። ለዚህ ነው ሲወጣ አየሩን እየጠጣ የሚጠቁረው። በጥልቅ፣ ነጭ አለት ውስጥ ታፍኖ፣ ንፋስም ውሃም ሳይደርስበት የቀረ ቦታ ካልሆነ አይገኝም። ስድስት ዓመት እዚህ ስሠራ አንድም አላየሁ። ከየት አመጣሽው?»

«ከታችኛው ዋሻ። አባቴ ነው ያወጣው።»

ሴትዮዋ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ታችኛው ዋሻ የሚባል የለም» አለች። እንደ ተጠና ትምህርት ነው ያለችው።

 ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

«የጠቆረው ቆዳው ብቻ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰኞ እንደገና ስበሪው፤ ውስጡ አለ። ግን ትንሽ ነው የቀረሽ። አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው የሚሰበርልሽ።»

«ይሄን በወረቀት ይጽፉልኛል?»

ሴትዮዋ በሩን አየች። በሩ ዝግ ነበር፤ ቢሆንም አየችው።

«እኔ የድንጋይ ሐኪም ነኝ፣ የኔ ልጅ» አለች። ፈሪ ሰው ደግ ሲሆን ያበሳጫል። እንደ ክፉ ሰው እንኳ አይሰድቡት።

ሰኞ ኮሚቴው ፊት የመቅረብ ተራዋ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ሦስት ወንዶች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። መሀል ያለው ሰብሳቢው ነው፤ ራሰ በራ፣ ልስልስ ያለ ሰው። ፋይሉን ገልጦ ሁለት ገጽ አስተያየ።

«የአባትሽ ፊርማ ነው ይሄ?» አለ። «ድሮ በሰፊው ይፈርም ነበር። አሁን ጉንዳን የሄደችበት ይመስላል።»

«እጁ ነው የተለወጠው። ስለታመመ።»

«እንግዲህ። ማስረጃ አለኝ ብለሻል።»

መሃረቧን ፈታች። የእናቷን መዶሻ ከቦርሳዋ ስታወጣ በቀኝ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ወደ ኋላ ሸርተት አደረገ። «አይዞህ፣ አንተን አይደለም» አለው በግራ ያለው።

ከሲሚንቶው ወለል ላይ ተንበርክካ መታችው። ጮኸ። ድንጋዩ ሲከፈት አረንጓዴው ወጣ፤ አሁን ከባቄላ አይበልጥም፤ ግን ያው ነው፣ ታች መብራት ያለበት።

ሦስቱም ተነሱ። ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥተው አጠገቧ አጎነበሱ። «ወይ ጉድ» አለ የቀኙ። የግራው የጎረቤት ክፍል ጸሐፊ ጠርቶ አሳየ። ሰብሳቢው በስልኩ ፎቶ አነሳው፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ደግሞ አነሳ።  አምነዋል አለች ካላየሁ በልቧ። ዓይናቸው እያየ ነው፣ እጃቸው ላይ ነው፣ እንግዲህ ምን ቀረ?

ሰብሳቢው ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ፋይሉን አስተካከለ።

«ድንጋዩ ቆንጆ ነው» አለ። «ከጥልቅ መውጣቱንም አልክድም። ግን ድንጋይ ማን እንዳወጣው አይናገርም። ሰው ሰጥቶት ሊሆን ይችላል፤ ገዝቶትም ሊሆን ይችላል። አብረውት የሠሩ ሁለት ምስክሮች አምጪ።»

«አብረውት የነበሩት ስድስት ናቸው። አምስቱ ሞተዋል። ስድስተኛው አልጋ ላይ ነው፤ መናገር አቁሟል።»

«እንግዲህ» አለ ሰብሳቢው።

እንግዲህ የሚባል ቃል በር ነው፤ ሲዘጋ ድምፅ የለውም።

ቁርጥራጮቹን ስትለቅም ሰብሳቢው ጎንበስ አለ። «አንዷን ለቢሮው ብትተዪልን? መግቢያው ላይ የማሳያ መስታወት አለን።»

ካላየሁ ቀና አለች። «ከየት እንደተገኘ ምን ብላችሁ ልትጽፉበት ነው?»

የግራው ሰውዬ ሳል መጣበት። ሰብሳቢው ፋይሉን ዘጋ። «ሂጂ፣ ልጄ» አለ። «የሚቀጥለውን ጥሪልን።»

የወደቀውን ብናኝ ሳይቀር ጠርጋ መሃረቧ ላይ አደረገች። መዶሻውንም ይዛ ወጣች።

ጎፈሬ ከግቢው በር ውጭ እየጠበቀቻት ነበር። ፊቷን አይታ አልጠየቀችም። ግማሽ መንገድ ያህል ሄዱ። ጥቁሩን ማዕድን የጫነ መኪና አለፈ፤ ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ስሚ» አለች ጎፈሬ። «ተቀበሉት በዪው።»

«ማንን?»

«አባትሽን ነዋ። ተቀብለውታል፣ ደብዳቤው በሁለት ወር ይመጣል በዪው። በምን ያውቃል? ከቤት አይወጣ። ሁለት ወር ደስ ብሎት ይሰንብት።»

«ከሁለት ወር በኋላስ?»

ጎፈሬ ጠጠር መታች። «ያኔማ...» አለች፣ አልጨረሰችውም። ሐኪሙ ሁለት ወር መቆየቱን እንደተጠራጠረ ሁለቱም ያውቃሉ።

ምክሩ ከክፋት አልመጣም። ካላየሁም አልናቀችውም። እስከ ቤቷ ድረስ በአፏ ስትለማመደው ሄደች፦ ተቀብለውታል፣ አባ። ተቀብለውታል። ቀላል ነው። ፊቱ እንደሆነ አይንቀሳቀስ፤ አመነ አላመነ ማወቅም የለም።

አባቷ ከበሩ ትይዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠዋት ትታው በሄደችበት ቦታ፣ በዚያው አቀማመጥ። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ሆነው ብር እንደሚቆጥር ሰው ጣቶቹ ይፋተጋሉ። እናቷ ከሥራ አልተመለሰችም።

ካላየሁ ከፊቱ ቁጢጥ አለች። ዓይኑን አየችው። ዓይኑ ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ፤ እሱም ቀስ ብሎ መጣላት።

ያጠናችው ቃል አፏ ላይ ነበር።

«አረንጓዴ ነበር፣ አባ» አለች። «ሦስቱም አይተውታል። ፎቶ ሁሉ አነሱት። ግን አልጻፉም። ድንጋይ ማን እንዳወጣው አይናገርም አሉኝ።»

ፊቱ ባለበት ቆመ። 

«መቼ ሰበርሽው?» አለ፣ ከፍም ዝቅም በማይል ድምፁ።

«ዛሬ። ፊታቸው።»

«መጀመሪያ።»

ጆሮዋ ጋለ። መሬቱን አየች።

«ሐሙስ» አለ እሱ ራሱ። «ከሰዓት። ከጓሮ። ሁለቴ መታሽው።»

«ማን ነገረህ?»

«ተራ ድንጋይ እንደዚያ አይጮህም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። የማውቀው ድምፅ ነው።»

«ሰምተህ ለምን ዝም አልክ? ለምን ተዪ አላልከኝም?»



«አሥራ ስድስት ዓመት አረንጓዴ ነው ስል... አንድም ሰው አላየልኝም። አንድ ሰው ይየው አልኩ።»

ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ ያ የማይፈልገው ሳቅ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ እንባው በዚያ በማይላወስ ፊት ላይ ወረደ። የበሽታው ይሁን የራሱ መለየት አልቻለችም። ከወንበሩ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ሁለት እጆቹን ይዛ እስኪያልፍለት ጠበቀች። ሲያልፍ በቀሚሷ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት። ቀሚሷም ፊቱም ጥቁር ነበሩ።

መሃረቡን ፈትታ ባቄላ የምታህለውን ቁራጭ አጠገቡ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት። አየው። ጠርዟ ቡናማ መሆን ጀምሯል።

«ሰም ላድርግበት?» አለችው።

«ተዪው። ትንፋሽ ይውሰድ።»

ካላየሁ ተነስታ ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ ደብተር አወጣች። ያልተጻፈበት ገጽ ፈልጋ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«አብረውህ ታች የነበሩትን ንገረኝ» አለች።

«ከአንዱ በቀር ሞተዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ለኮሚቴው አይጠቅምም።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ። ንገረኝ።»

ጣቶቹ መፋተግ አላቆሙም። ዓይኑ ከድንጋዩ ወደ ደብተሩ ሄደ፣ ከደብተሩ ወደ ልጁ።

«ጉልቤ» አለ። «ረጅሙ። ሻማ የሚይዘው እሱ ነበር።»

«ጉልቤ፣ ሻማ ያዥ፣ ታችኛው ዋሻ» ብላ ጻፈች፤ ከሩቅ የሚነበብ ትልልቅ ፊደል አድርጋ። ብዕሯን ሳታነሳ ጠበቀች። እሱ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጊዜ ወሰደ፤ ቁራጯ ድንጋይ ላይ ያለው አረንጓዴም በዚያው መጠን አነሰ።

«ቀጥሎስ?» አለችው።